ድቀቱ አበቃ ከተባለ በኋላም ቅጥር የሚዘገየው ለምንድን ነው? (አሜሪካ)

ሒሳብ ሠራተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ የ2008ቱ የኢኮኖሚ ድቀት በጁን 2009 አበቃ ተብሏል፤ ሥራ አጥነቱ ግን 10 በመቶ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል? ቅጥር ሊመለስ ሲል ቀድሞ የሚታይ ምልክትስ አለ? ደግሞም የቴምፕ (በኤጀንሲ በኩል የሚገኝ ጊዜያዊ) ሥራ ሲገኝ መግባት ነው የሚሻለው ወይስ ቋሚውን መጠበቅ? ሬዙሜ (የሥራ ልምድ መግለጫ) ላይ ያለው ያለ ሥራ የቆዩበት ክፍተትም ያሳስባል። የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን።

ቁጥር ተከታታይ፦
ድቀት አበቃ ማለት ማሽቆልቆሉ ቆመ ማለት ነው፤ የጠፋው ተመለሰ ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ ሥራ እስከ 2010 መጀመሪያ ድረስ መቀነሱን ቀጥሎ፣ የጠፋው ወደ 8.7 ሚሊዮን ደርሶ ነው ያገገመው። ወደ ድሮው ቁጥር የተመለሰው በ2014 ነው።

ምክንያቱ ቀጣሪው ዘንድ ነው። ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ ያሉትን ሠራተኞች ሰዓት ይጨምራል። አዲስ ሰው ማስገባት ኢንሹራንስ አለው፣ ሥልጠና አለው፣ ገበያው ተመልሶ ከቀዘቀዘ ደግሞ ማሰናበት አለ። ሰዓት መጨመሩ አልበቃ ሲል ከሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ጊዜያዊ ሠራተኛ ያመጣል። ቋሚ ማስታወቂያ የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። በ2009 መገባደጃ ጠቅላላው ሥራ ገና እየቀነሰ ሳለ የቴምፕ ቅጥር መጨመር ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ወርኃዊ ሪፖርት ሲወጣ (አብዛኛውን ጊዜ የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ጠዋት ነው) ዜናው የሚጮኽበትን ቁጥር አልፋችሁ ሁለት መስመር ፈልጉ፦ አማካይ ሳምንታዊ የሥራ ሰዓትና የጊዜያዊ ሠራተኞች ቁጥር። በአንድ ወር አትፍረዱ፤ የቅጥሩ አኃዝ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ስለሚታረም የሦስት ወር አማካይ ያዙ።

የሥራ አጥነቱ መቶኛ ራሱ ያሳስታል። በጊዜያዊነት ተሰናብቶ ጥሪ ከሚጠብቅ በቀር ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ያልፈለገ ሰው በሥራ አጥነት አይቆጠርም። ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠው ገበያው ሲከፈት ፍለጋ ሲጀምር መቶኛው ሊጨምር ይችላል፤ ያ ክፉ ዜና አይደለም።

የሆቴል ነገር፦
ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ግን ሁሉም ዘርፍ በአንድ ጊዜ አይነሳም። በ2008 እና 2009 የጤና ዘርፍ በድቀቱ መሀል እንኳ መቅጠሩን አላቆመም። ግንባታ ግን እስከ 2011 መጀመሪያ ወረደ። ካውንቲዎችና ትምህርት ቤቶች ሠራተኛ የቀነሱት ሌላው ማገገም ከጀመረ በኋላ ነው፤ የቤት ዋጋ ሲወድቅ የንብረት ግብር ገቢያቸው ዘግይቶ ነው የሚቀንሰው።

የ2020ው ደግሞ ሌላ ነበር። በሁለት ወር 22 ሚሊዮን ያህል ሥራ ጠፋ፤ በ2022 አጋማሽ ግን ተመለሰ። የፈጠነው በኤፕሪል 2020 ሥራ አጥ ከነበሩት አሥር ሰዎች ስምንቱ ያህሉ በጊዜያዊነት የተሰናበቱ ስለነበሩ ነው። ቀጣሪው አዲስ ሰው አላፈላለገም፣ የድሮውን ጠራ።

በዲሲ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ሆቴል፣ ኤርፖርትና ፓርኪንግ ስለሚሠሩ ይህን ልብ በሉ፦ ሌይኦፍ ስትደረጉ (ከሥራ ስትቀነሱ) ወረቀቱ ጊዜያዊ ይላል ወይስ ቋሚ? ዩኒየን (የሠራተኞች ማኅበር) ካላችሁ ውሉ ላይ ወደ ሥራ የመጠራት መብታችሁ ስንት ወር እንደሚቆይ ፈልጉ። ጥሪው ሲመጣ መልስ የሚሰጥበት ቀን አጭር ነው። ስልክ ወይም አድራሻ ቀይሮ ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ተራው ያልፈዋል፤ ለኤች አርም (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ለዩኒየኑም በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂውን ያዙ።

ቅጥር ክፍል፦
ቴምፕ ግቡ፣ በተለይ የሒሳብ ሥራ ከሆነ። ከመፈረም በፊት ግን ኤጀንሲውን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ድርጅቱ በቋሚነት ሊቀጥረኝ ቢፈልግ ለእናንተ የሚከፍለው አለ ወይ? ከስንት ሰዓት ሥራ በኋላስ ይቀራል? ለምሳሌ 520 ሰዓት ቢሏችሁ በሙሉ ሰዓት 13 ሳምንት ማለት ነው። ማናጀሩ ወዷችሁም ሳይቀጥር የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ያ ክፍያ እስኪቀር ነው።

ስለ ክፍተቱ፦ በ2013 የታተመ ጥናት ለእውነተኛ ማስታወቂያዎች የፈጠራ ሬዙሜዎችን ልኮ ነበር። ያለ ሥራ የቆዩበት ጊዜ ሲረዝም መልሶ የሚደውለው ቀጣሪ ቀነሰ፤ ቅነሳው የበረታው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሥራ በሌለበት ከተማ ክፍተቱ ብዙም አልጎዳም፣ ጥሩ ገበያ ባለበት ግን ጎዳ። ቀጣሪው በክፉ ጊዜ ገበያውን፣ በደህናው ጊዜ ሰውየውን ይጠረጥራል። ስለዚህ ክፍተቱ መሞላት ያለበት ገበያው ሳይነሳ ነው። የሦስት ወር ቴምፕ ይሞላዋል፤ ሬዙሜው ላይ የኤጀንሲውን ስም፣ ከሥሩም የተመደባችሁበትን ድርጅትና ሥራውን ጻፉ፦ "የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ የወር መዝጊያ፣ ኩዊክቡክስ" (የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር)። ስልካችሁን በገጹ ራስጌ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፤ አንዳንድ የማመልከቻ ሲስተም እዚያ ያለውን አያነበውም።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቴምፕ ሲገባ አንኢምፕሎይመንቱ (የሥራ አጥነት ክፍያው) ይቋረጣል?

ቅጥር ክፍል፦
ሰዓቱ ትንሽ ከሆነ በብዙ ስቴት ከፊሉ ይቀጥላል፤ ስሌቱ እንደየስቴቱ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ሪፖርቱ ላይ ነው፦ የሚጻፈው ግብር ሳይቀነስ ያለው ደመወዝ ነው፤ የሚጻፈውም ቼኩ በገባበት ሳምንት ሳይሆን ሥራው በተሠራበት ሳምንት ነው። ያ ከተዛባ በኋላ በትርፍ የተከፈላችሁን ገንዘብ እንድትመልሱ ትጠየቃላችሁ። ምደባው ሲያልቅ ደግሞ ኤጀንሲውን ወዲያው በኢሜይል ሌላ ሥራ ጠይቁ። ይህን ያላደረገን ሰው በፈቃዱ እንደለቀቀ የሚቆጥሩ ስቴቶች አሉ፤ ክፍያውም በዚያ ይከለከላል።