የፌሎውሺፕ ጥሪ ለሁሉም ይለጠፍ ወይስ ለተመረጠ ይነገር?

የከዚራ ልጅ፦ ጀማው፣ እንዴት አላችሁ? የድሬና የሐረር የማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቃን ሐሳብ ስጡበት። ለትምህርት ክፍል የሚመጣ የፌሎውሺፕ (ለትምህርትና ለምርምር የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ጥሪ በዚያው ቀን ቦርድና ቴሌግራም ላይ መውጣት አለበት እላለሁ። አምና አንዱን ጥሪ የሰማሁት ዴድላይኑ ካለፈ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ያውም ሻይ ቤት፣ ካመለከተው ልጅ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ግን ለምን እሱ ብቻ ይነገረዋል?

መምህር ከሳቢያን፦ ቅሬታህ ይገባኛል። ግን ዝም ብሎ መለጠፍ መፍትሔ አይደለም። አንድ ጊዜ ለጠፍን። ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው 11 ልጆች ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ጻፍልን ብለው መጡ። የአብዛኞቹን ሥራ አንብቤ አላውቅም። «ትጉህ ተማሪ ነበር» የሚል ደብዳቤ ለማንም አይጠቅምም። ሦስት ልጅ መርጬ ፕሮፖዛላቸውን (የጥናት ዕቅዳቸውን) ደጋግሜ ባርም እመርጣለሁ።

የጀጎል ልጅ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እሱ የመዘግየት ችግር ነው። ሁለት ወር ቀድሞ ቢለጠፍ ልጆቹም ቀድመው ይመጡ ነበር። ደግሞም ሁሉም በር በመምህር በኩል አይከፈትም። ቺቭኒንግን እንይ፤ የብሪታንያ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ ነው። ሪኮመንዴሽን የሚጠየቀው ለቃለ መጠይቅ ከተመረጡ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው፤ የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ወረዳ ተቀምጦ «እኔን ማን ያውቀኛል» ይላል! እኔም እንደዚያው ስል ነበር።

የለገሃሬ፦ አቦ፣ ጥሪ እኮ ኔት ላይ ሞልቷል። ዌነር ግሬን የሚባለው ድርጅት ለአንትሮፖሎጂ የዶክትሬት ተማሪ የመስክ ሥራ ገንዘብ ይሰጣል፣ ዜግነት አይመርጥም። የአፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት የሆነው ኮዴስሪያ ዳካር ነው፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት ኦስሪያማ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የጠፋው ጥሪ ሳይሆን የሚያነብልን ሰው ነው። እኔ የአወዳይን ጫት ገበያ አጠናለሁ ብዬ አመለከትኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ገበያው ትልቅነት ተረኩ። ወደቅኩ። በኋላ አንዲት ጓደኛዬ አንብባው «ጥያቄህ የቱ ነው?» አለችኝ። ፈለግኩት፣ የለም! አሁን «ሴት ነጋዴዎቹ ያለ ወረቀት ዱቤ ሲሰጣጡ በምን ይተማመናሉ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ማንን እንደማናግር፣ ስንት ወር ገበያው ውስጥ እንደምቆይ ሁሉ ከዚያ ተከትሎ መጣ።

መምህር ከሳቢያን፦ እውነት ነው፣ ብዙው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ማን ያንብብ? በሳምንት አራት ክፍል አስተምራለሁ። ለዚህ ነው የምመርጠው።

የጀጎል ልጅ፦ እርስ በርስ እናንብብ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ከሐረር እወርዳለሁ።

የከዚራ ልጅ፦ እኔም አለሁ። ግን መምህር፣ ጥሪው ይለጠፍ። የሚመረጠው ከሰማው ሁሉ መካከል ይሁን።

መምህር ከሳቢያን፦ እሺ፣ ለመለጠፉ በክፍሉ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ሪኮመንዴሽን ግን ሥራውን ላነበብኩለት ብቻ ነው የምጽፈው። በዚህ አልደራደርም።