አስቸኳይ፦ የበላሁት ዶሮ ደረቴ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ

አደይ፣ ከምሽቱ 2፡05
ሰላም ለሁላችሁ። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተሠርቶልኛል። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከአርባ ደቂቃ በፊት ዶሮ በላሁ፣ አራት ጉርሻ ብቻ። አራተኛው አልወርድ አለ። መሀል ደረቴ ላይ፣ ከአጥንቱ ጀርባ፣ ድንጋይ የተቀመጠ ያህል ይጫነኛል። እንዲወርድ ብዬ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁበት፤ ውሃው ተመልሶ ወጣ፣ ዶሮው ግን እዚያው ነው። አሁን አፌ በወፍራም አረፋ እየተሞላ በየደቂቃው እተፋለሁ። ጨጓራዬን ከልክ በላይ አጥብበውታል መሰለኝ። ጣቴን ከትቼ ላስመልስ ወይስ ትኩስ ነገር ልጠጣበት?

ምንጭ፣ 2፡08
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ፤ መናገር፣ መተንፈስ፣ መሳል ትችላለህ? ትንፋሽ ካጠረህ ምግቡ የሄደው ወደ አየር ቧንቧ ነው፤ ማንበቡን ትተህ አጠገብህ ያለውን ሰው ጥራ፣ አምቡላንስም ይጠራ። መናገር ከቻልክ የተቀረቀረው በምግብ መውረጃው ነው፤ ያስጨንቃል እንጂ አያንቅም። እስክትመልስልኝ ድረስ ምንም አትጠጣበት። የተሠራልህ የትኛው ነው፣ ስሊቭ (ጨጓራው ተቆርጦ ቀጭን ቱቦ የሚሆንበት) ወይስ ባይፓስ (ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ተለይታ ከአንጀት ጋር የምትሰፋበት)? ስንት ሳምንት ሆነህ? ዶሮውስ እንዴት የበሰለ ነው?

ነፋሻ፣ 2፡10
ጋዝ ያለው ለስላሳ መጠጥ ትንሽ ፉት ቢባልበት ጋዙ ይገፋዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

አደይ፣ 2፡12
እህት ነኝ። መናገር እችላለሁ፣ ትንፋሽም አለኝ። ባይፓስ ነው፣ አምስት ሳምንት ሞላኝ። ዶሮው የትናንት ጥብስ ነው፣ የደረት ሥጋ፣ አሙቄው። ለስላሳ ምግብ ጀምሪ ስለተባልኩ እኮ ነው፤ ዶሮ ለስላሳ አይደለም እንዴ?

እርጋታ፣ 2፡17
ጋዙን ተይው እህቴ። በባይፓስ የቀረችልሽ የጨጓራ ከረጢት የምትይዘው ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ውሃ ይሞላታል። መውጫዋ ተዘግቶ ሳለ ጋዝ ብታስገቢባት መሄጃ የለውም፣ ይወጥራታል። አንዱ ብርጭቆ ውሃም የተመለሰው ለዚሁ ነው።

አሁን ማንኪያውንም ብርጭቆውንም አስቀምጪ። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ወይም ቤት ውስጥ ቀስ እያልሽ ተራመጂ። አትጋደሚ። ወገብሽን ያጠበቀ ነገር ካለ ፍቺው። ምራቁን አትዋጪው፣ ዕቃ ይዘሽ ትፊው፤ አረፋውን የሚያመነጨው ሰውነትሽ ነው፣ የተቀረቀረውን ሊያንሸራትት ብሎ። ስትውጪው ግን ምግቡ ላይ ይጠራቀምና መልሶ ያስመልስሻል።

ጣት አትክተቺ። በራሱ ከመጣ ይምጣ፣ አታፍኚው። በግድ ማስመለስ ግን ገና አምስት ሳምንት የሆነውን ስፌት ይወጥራል፣ የምግብ ቧንቧውንም ሊሰነጥቅ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ሲለቅ አይጠፋሽም፤ ጫናው ድንገት ይቀላል፣ አረፋውም ይቆማል።

ከለቀቀሽ በኋላ ጠማኝ ብለሽ አትጠጪ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዪና አንድ የሻይ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ሞክሪ። አምስት ደቂቃ ጠብቂ፤ ካልተመለሰ ሁለተኛውን። ለቀጣዩ 24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቀን የተፈጨ፣ ከዚያ ወደ ለስላሳው ተመለሺ። የተቀረቀረበት ቦታ ተቆጥቶ ስለሚያብጥ፣ ነገ ሥጋ ብትደግሚበት እዚያው ይይዝሻል።

ጎጆ፣ 2፡20
አይዞሽ እህቴ፣ ዶሮዋ ከሞተች በኋላም እልኸኛ ሆና ነው፤ ትለቅሻለች። ሰዓቱን ግን ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ስንት ላይ እንደተያዘ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰሽ። ድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው አሥሩን ደቂቃ አንድ ሰዓት ያደርገዋል፣ ሐኪም ሲጠይቅሽም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ምንጭ፣ 2፡24
ወንድሜ ስላልኩሽ ይቅርታ እህቴ። እርጋታ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው እስከ መቼ ቤት መጠበቅ እንደሚቻል ነው። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላም ምራቅሽን መዋጥ ካልቻልሽ ዛሬ ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ያወጡታል። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ፣ ቁጭ ብለሽ የልብ ምትሽ ከ120 ካልወረደ፣ ሆድሽን ወይም ግራ ትከሻሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ደም ካስመለሰሽ ወይም ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሰዓት አትቁጠሪ፣ አሁኑኑ ተነሺ።

እዚያ ስትደርሺ የመጀመሪያው ቃልሽ "ባይፓስ ነኝ፣ አምስተኛ ሳምንቴ ነው" ይሁን። በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ ሳያዩ መግፋት አዲሱን ስፌት ሊበሳ ስለሚችል ማወቅ አለባቸው።

ነፋሻ፣ 2፡26
ስለ ጋዙ ተሳስቻለሁ፣ አታድርጊው። እርጋታ እናመሰግናለን።

ቀለበት፣ 2፡33
"ከልክ በላይ አጥብበውታል" የሚለውን ግን አልቀበለውም። ከከረጢቷ ወደ አንጀት የሚወስደው መውጫ ሲሠራም ጠባብ ነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ግድም። አንድ ጊዜ፣ ያውም በደረቅ ደረት ሥጋ መያዝ ስለ ስፌቱ ምንም አይነግርሽም፤ የሚነግርሽ ስለ ጉርሻው ነው።

መጥበብ የሚባለው ሌላ ነው፣ አመጣጡም ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ጠንካራው አልወርድ ይላል፣ በቀናት ውስጥ ባለፈው ሳምንት ደህና ይወርድ የነበረው እርጎ ይይዝሻል፣ በመጨረሻ ውሃው። ለባይፓስ ይህ በብዛት የሚታየው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ባሉት ወራት ስለሆነ ያለሽበት ጊዜ ላይ ነው፤ ስለዚህ በንቃት ተከታተይው። ነገ ፈሳሹ፣ ከነገ ወዲያ የተፈጨው እንደ ቀድሞው ከወረደ ዶሮው ነበር። የተፈጨውም ከያዘሽ ለሐኪምሽ ደውይ። ከጠበበ በኢንዶስኮፒ ፊኛ አስገብተው ያሰፉታል፤ ሆድ አይከፈትም፣ አንዳንዴ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ይደገማል።

ዶሮ ለስላሳ ነው ወይ ላልሽው፦ ለስላሳ የሚባለው በሹካ ጀርባ ሲጫኑት የሚፈርስ ነው። የደረት ሥጋ፣ ያውም አድሮ የሞቀ፣ በጣት ስትስቢው እንደ ክር ይፈተላል። አፍ ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ስታላምጪው ክሩ ተሰብስቦ ጥጥ ይሆናል እንጂ አይላምም፣ ያ ጥጥ ነው መውጫው ላይ የሚወተፈው። ለጥቂት ሳምንታት ዓሣ፣ የላላ የእንቁላል ፍርፍር፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ እርጎ ይሻልሻል። ዶሮ ስትመለሺበት ከደረቱ ይልቅ ጭኑን፣ በሾርባ ቀስ ብሎ የበሰለውን፣ ተፈጭቶ ወይም ከክሩ በአግድም ተከትፎ። ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታም ዋነኞቹ ቀርቃሪዎች ናቸው፤ ውስጥ ገብተው ያብጣሉ።

ትዕግሥት ይበጃል፣ 2፡41
ውሃ አትጠጪበት። ተራመጂ። ምራቁን ትፊው።

አደይ፣ 2፡48
እየተራመድኩ ነው። አረፋው ትንሽ ቀንሷል፣ ጫናው ግን አለ። ያው በደንብ አላምጬው ነበር እኮ፣ አልቸኮልኩም።

እርጋታ፣ 2፡55
አረፋው መቀነሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥይ።

አራት ጉርሻ በስንት ደቂቃ ነበር? ጉርሻው የትንሿ ጣትሽን ጥፍር የሚያክል መሆን አለበት፤ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይላመጣል፣ ከዚያ ማንኪያው ይቀመጣል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ማንኪያው እጅ ላይ ከቆየ ቀጣዩ ጉርሻ ሳይታሰብ ይመጣል፤ የመጀመሪያው መውጫው ጋ ቆሞ ሁለተኛው ከላይ ሲደርስበት ነው መቀርቀሩ። በሻይ ማንኪያ ብዪ፣ አንዱን ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አድርሺው። የመጥገብ ስሜቱም እንደ ድሮው ሆድ ላይ አይደለም፤ ደረት ላይ ቀለል ያለ ጫና፣ ስቅታ ወይም የአፍንጫ መርጠብ ይሆናል። ያን ስታዪ አንድ ጉርሻ ቢቀርም ተይው።

ዋርካ፣ 3፡02
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ዛሬ የያዘሽ ያልፋል፤ እኔ የምፈራው ከዚህ በኋላ ፈርተሽ መብላቱን እንዳትተዪው ነው። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል፤ አንድ እንቁላል ያለው ስድስት ግራም ገደማ ስለሆነ ሳይቆጥሩ አይደረስበትም። ማዕዱን በፕሮቲኑ ጀምሪ፣ አትክልቱ ቀጥሎ፣ ዳቦና ሩዙ ቦታ ከተረፈ። ፈሳሹ በቀን አንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ነው፣ በፉት በፉት፣ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከበላሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ።

ቪታሚኑ ደግሞ ፈቃድ አይደለም፣ ዕድሜ ልክ ነው። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ከ600 ሳይበልጥ ተከፋፍሎ። ሲትሬት የሚባለውን ምረጪ፤ ካርቦኔቱ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ አንቺ ጋ ደግሞ አሲዱ ቀንሷል። ብረቱን ከካልሲየሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂው፣ አንዱ ሌላውን ያግዳልና። ቢ12 በእንክብል ወይም በየወሩ መርፌ። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንዳትነኪ፣ ስፌቱ ላይ ቁስለት ያመጣሉ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሲጋራም እንደዚያው ነው። የደም ምርመራው በሦስት ወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ፀጉርሽ ቢረግፍ አትደንግጪ፣ ይመለሳል።

ቀለበት፣ 3፡06
ጋሼ፣ ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ልጅቷ አሁን ምራቅ እየተፋች ነው።

ዋርካ፣ 3፡09
ልክ ነህ ልጄ። ነገ ታነበዋለች ብዬ ነው።

ጤዛ፣ 3፡15
በዚሁ ይቅርታ፣ የኔ መቀርቀር ሳይሆን ሌላ ነው። ስድስተኛ ወሬ ላይ ነኝ፣ ባይፓስ። ጣፋጭ ነገር በበላሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴ ይቆርጠኛል፣ ካልተጋደምኩ አልችልም። አንዳንዴ ግን የሚመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፣ ያኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያዞረኛል። ያው አንድ ነገር ነው?

ምንጭ፣ 3፡22
ጤዛ፣ ሁለት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ዳምፒንግ ይባላሉ። የሩብ ሰዓቱ፣ ስኳሩ ሳይፈጭ በአንድ ጊዜ ትንሹ አንጀት ላይ ይደፋና ውሃ ከደም ወደ አንጀት ይስባል፤ ላቡም ቁርጠቱም ከዚያ ነው። የሁለት ሰዓቱ ደግሞ፣ ስኳሩ በፍጥነት ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት ኢንሱሊን ከመጠን በላይ ያፈሳል፣ ከዚያ የደም ስኳር ይወርዳል። በዚያ ሰዓት በጣት መለኪያ ለኩት፤ ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ፣ ሲረጋጋ ፕሮቲን ያለው ትንሽ ነገር። ጭማቂውን ብቻ ጠጥተው ካቆሙ ዑደቱ ራሱን ይደግማል። እየደጋገመ 70 ከወረደ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ያስተካክልልዎ። ለሁለቱም መከላከያው አንድ ነው፦ ጣፋጩን መተው፣ ማዕዱን አምስት ስድስት ቦታ መክፈል፣ መጠጡን ከምግቡ መለየት።

አደይ፣ 3፡31
በትልቁ አስመለሰኝ፣ ሥጋውም እንዳለ ወጣ። ሳይላመጥ የተዋጠ ይመስላል፣ ክሩ እንዳለ ነው። ጫናው ሄደ። ተመስገን። አሁን በጣም ጠምቶኛል።

እርጋታ፣ 3፡33
ተመስገን! ጥሙን ትንሽ ቻዪው። አፍሽን ተጉመጥምጠሽ ትፊው፣ ይረዳል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ። ራስጌሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።

ምንጭ፣ 3፡40
አደይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ነገም ከነገ ወዲያም ማስመለሱ ከቀጠለ "ይለምደኛል" ብለሽ አትቀመጪ። ለቀናት ያስመለሰ ሰው ቪታሚን ቢ1 ያልቅበታል፤ ዓይን ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ጉዳቱ አንጎል ጋ ደርሷል፣ የዘገየውም ላይመለስ ይችላል። ጉሉኮስ ሊሰቅሉልሽ ከመጡ ቢ1 አስቀድመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ ጉሉኮሱ ብቻውን የቀረችውን ቢ1 ይጨርሳታል።

ትዕግሥት ይበጃል፣ 4፡02
ውሃ አትጠጪበት፣ ተራመጂ።

ጎጆ፣ 4፡05
ወንድሜ፣ ወጥቶላታል እኮ!

እርጋታ፣ በማግስቱ ጠዋት 1፡20
አደይ፣ እንዴት አደርሽ? የሻይ ማንኪያው ውሃ ወረደልሽ? ሽንትሽስ ሄደ? ከጠቆረ ወይም ስትነሺ የሚያዞርሽ ከሆነ ፈሳሽ አንሶሻል ማለት ነው፤ በየአምስት ደቂቃው አንድ ፉት አድርጊው።

ቀለበት፣ ጠዋት 3፡45
አደይ፣ የተፈጨውን ስትጀምሪ እንዴት እንደወረደ ጻፊልን።