ለሞሪጽ ቤንዮቭስኪ የተሰጠው ክብር ይገባዋልን?

አወያይ፦
የዛሬው ክርክራችን በአንድ የሃንጋሪ መኳንንት ተወላጅና ወታደር ሕይወት ላይ ነው። ሞሪጽ ቤንዮቭስኪ በ1746 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያን ጊዜ የሃንጋሪ መንግሥት ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ ግን በስሎቫኪያ በምትገኘው በቨርቦቬ ከተማ ተወለደ። ከፖላንድ መኳንንት ጋር ሆኖ ሩሲያን ተዋጋ፤ ተማርኮም እስከ ካምቻትካ ተጋዘ፤ ከዚያ በመርከብ አምልጦ ለፈረንሳይ ንጉሥ በማዳጋስካር የሰፈራ ጣቢያ መሠረተ፤ በመጨረሻም በግንቦት 1786 በዚያችው ደሴት በፈረንሳይ ወታደሮች ጥይት ወደቀ። ሃንጋሪዎች፣ ስሎቫኮችና ፖላንዶች እያንዳንዳቸው «የእኛ ጀግና» ይሉታል፤ በአንታናናሪቮ ከተማም በስሙ የተሰየመ ጎዳና አለ። የምንጠይቀው ይህ ሰው በአደባባይ መከበሩ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው። እባካችሁ ከርእሱ ሳትወጡ፣ የምትሉትን በማስረጃ እየደገፋችሁ ተከራከሩ።

ባሕር ተሻጋሪ፦
እኔ ክብሩ ይገባዋል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ዋናው ምክንያቴም በ1771 ከግዞት ያመለጠበት መንገድ ነው። ካምቻትካ መላውን ሳይቤሪያ አቋርጦ የሚደረስበት፣ የሩሲያ ቤተ መንግሥት ዳግመኛ ሊያየው የማይፈልገውን ሰው የሚሰድበት ስፍራ ነበር። ቤንዮቭስኪ በ1770 ወደዚያ ሲወሰድ ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ ከእርሱ በፊት የተጋዙትን የሩሲያ መኮንኖችና በአለቆቻቸው የተማረሩትን አዳኞችና መርከበኞች አንድ አደረጋቸው። በጸደይ የቦልሸሬትስክን ምሽግ በሌሊት ያዙ፤ አዛዡ ኒሎቭም በግርግሩ ተገደለ። «ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ጳውሎስ» የተባለችውን የመንግሥት መርከብ ወስደው፣ ሴቶች ያሉበትን 70 ያህል ሰው አሳፍረው፣ በኩሪል ደሴቶች በኩል ወደ ጃፓን፣ ከጃፓን ዛሬ ታይዋን ወደምትባለው ፎርሞሳ፣ ከዚያም በመስከረም ወር የፖርቱጋሎች ይዞታ ወደነበረችው ማካው ደረሱ። ይህን ጉዞ እርሱ ብቻውን የፈጠረው ወሬ ነው ማለት አይቻልም፤ መርከቧን ማካው ላይ ያዩዋት ብዙዎች ናቸው። ሰው በሰንሰለት ከተወሰደበት የምድር ዳርቻ ራሱንና ሌሎችን ነፃ ካወጣ፣ የትውልድ ከተማው ቢያስታውሰው ምን ነውር አለው?

የማኅደር ወዳጅ፦
ወንድሜ ባሕር ተሻጋሪ ስለ ማምለጡ የጻፉት እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ክርክሩ ያለው ግን ሕዝብ የሚያከብረው ሰው ያ ሰው ነውን የሚለው ላይ ነው። የአውሮፓ አንባቢ ቤንዮቭስኪን ያወቀው ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1790 ሎንዶን ውስጥ በእንግሊዝኛ ታትሞ ከወጣው የራሱ የሕይወት ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው የሚጀምረው በተዛባ የልደት ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ 1746 ሲል፣ እርሱ 1741 ይላል። አምስቱ ዓመት የተጨመረው በድንገት አይደለም፤ በጥቅምት 1756 ዛሬ በቼክ አገር በምትገኘው በሎቦዚጽ በተደረገው ጦርነት ተሰልፌ ነበር ብሎ ለመጻፍ ዕድሜ ያስፈልገው ነበር። መዝገቡ እውነት ከተናገረ፣ በሎቦዚጽ ሜዳ መድፍ ሲጮኽ ሞሪጽ 10 ዓመት ከሞላው ሁለት ሳምንት ያልዘለለው ልጅ ነበር። የሁሳር ፈረሰኛ ኮሎኔል የነበረውን አባቱንም ጄኔራል አድርጎታል።

ከአገሩ የወጣበትንም ምክንያት እንመልከት። በማስታወሻው ራሱን ርስቱን በዘመዶቹ የተቀማ አድርጎ አቅርቧል። እውነቱ ግን የእናቱ የነበረውን፣ በሕግ ለእኅቱ ባል ወገን የተላለፈውን የህሩሾቬ ርስት እርሱ ራሱ በጉልበት መያዙ፣ በዚህም ተከሶ ፍርዱ ሳይጠናቀቅ ወደ ፖላንድ መሸሹ ነው። ባሕር ተሻጋሪ በሚያደንቁት ጉዞ ውስጥም ቢሆን፣ መርከቧ በቤሪንግ ባሕር አድርጋ እስከ አላስካ ደርሳ እንደነበር ጽፏል። አብሮት የነበረው ጸሐፊ ርዩሚን ትቶት ባለፈው ዘገባ ግን ከካምቻትካ ቀጥታ ወደ ደቡብ ነው የወረዱት። በመነሻውና በጃፓን መድረሻው መካከል ያለው ጊዜም ወደ አላስካ ደርሶ ለመመለስ አይበቃም። በባሕሩ ላይ መንገዱን የመራውም ቹሪን የተባለ ሩሲያዊ መርከበኛ እንጂ ቤንዮቭስኪ አልነበረም፤ የቹሪንን ስም የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ባሕር ተሻጋሪ፦
መምህር፣ በዚያ ዘመን የሰው ዕጣ በማዕረጉ የሚወሰን ነበር። ያለ ቆንጆ ታሪክ የፓሪስ ሚኒስትሮችን ደጅ ማለፍ አይቻልም ነበር። ደግሞም መንግሥታቱ ራሳቸው አመኑት፤ በአገራችን በጠገራ ብር ላይ ምስሏን የምናውቃት የኦስትሪያና የሃንጋሪ ገዥ ማርያ ቴሬዛ ይቅርታ አድርጋለት በ1778 የኮንትነት ማዕረግ ሰጥታዋለች።

የማኅደር ወዳጅ፦
ሰጥታዋለች፤ እርሱ ግን ማዕረጉን ከዚያ በፊት ለዓመታት በገዛ እጁ ሲጽፈው ኖሯል። ከጃፓን ጠረፍ የላከው ደብዳቤ ደግሞ ከማዕረግ ጉዳይ የከበደ ነው። በ1771 በናጋሳኪ ወደብ በዴሺማ ለነበሩት የሆላንድ ነጋዴዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ ሩሲያ በኩሪል ደሴቶች ምሽግ ሠርታ በሚቀጥለው ዓመት የሰሜን ጃፓንን ጠረፍ ልትወጋ ተዘጋጅታለች ብሎ አስጠነቀቀ። እንዲህ ያለ ዘመቻ አልተሰናዳም ነበር። ደብዳቤው ተተርጉሞ ለጃፓን ባለሥልጣናት ደረሰ፤ ጃፓኖች «ሃንቤንጎሮ» ያሉት የዚህ ሰው ማስጠንቀቂያም በቀጣዮቹ ዓመታት ስለ ሰሜን ድንበራቸው ለጻፉ ምሁራን የስጋት ምንጭ ሆነ። ኮንት ነኝ ማለት የሚጎዳው ሰው ላይኖር ይችላል፤ ጦርነት ይመጣል ብሎ ለማያውቁት ሕዝብ መንገር ግን በማዕረግ ፍለጋ የሚሳበብ ነገር አይደለም።

እህተ ታሪክ፦
እስካሁን የተባለውን በትዕግሥት አንብቤአለሁ፤ ሁለታችሁም ሰውየው በአውሮፓውያን ፊት ምን እንደሚመስል ነው የተከራከራችሁት። የእኔ ጥያቄ ከማዳጋስካር ይነሣል፤ ለመቀበር የበቃውም እዚያ ነውና።

ቤንዮቭስኪ በየካቲት 1774 ከ200 የሚበልጡ ምልምል ወታደሮችን ይዞ በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአንቶንጂል ባሕረ ሰላጤ ወረደ። የፈረንሳይ መንግሥት የላከው ከተማ እንዲቆረቁር አልነበረም፤ ኢል ደ ፍራንስ ትባል ለነበረችው፣ ዛሬ ሞሪሸስ ለምትባለው ደሴት ሩዝና ከብት የሚያቀርብ የንግድ ጣቢያ እንዲያቆም ነበር። ያቺ ደሴት በባሪያ ጉልበት የምትተዳደር ነበረች፤ ከባሪያዎቿም ብዙዎቹ ከማዳጋስካር የተጋዙ ነበሩ። ስለዚህ ጣቢያው ማንን ሊያገለግል እንደተሠራ ልንዘነጋ አይገባም። ሥፍራው ረግረግና ዝናባማ ነበር፤ ከመጡት ወታደሮች ብዙዎቹን ወባ ጨረሳቸው። እርሱ ግን ሉዊስቡርግ ብሎ ስለሰየማት ከተማ፣ ስለ መንገዶችና ስለ ምሽጎች፣ ለንጉሡ ስለገቡለት አለቆች ለፓሪስ በተከታታይ ይጽፍ ነበር። በ1776 ቤልኮምብና ሼቭሮ የተባሉ ሁለት መርማሪዎች ተልከው በዐይናቸው ሲያዩ፣ በወረቀት የተነበበውን ያህል ሥራ በመሬት ላይ አላገኙም።

አሁን ወደ «ንጉሥነቱ» ልምጣ። በማስታወሻው እንደሚነግረን፣ ከኢል ደ ፍራንስ የመጣች ሱዛን የተባለች አሮጊት፣ ቤንዮቭስኪ ከጠፋው የነገሥታት ዘር ከራሚኒ ሴት ልጅ የተወለደ ነው ብላ መሰከረች፤ በዚህ ምስክርነት አለቆቹ ተሰብስበው፣ ደረታቸውን በስለት ጭረው ደሙን እየተቀባበሉ በመማል «አምፓንሳካቤ»፣ ማለትም የበላይ ገዥ አደረጉት። እናቱ የሃንጋሪ ባሮን ልጅ መሆኗን በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ የጻፈ ሰው፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ የማዳጋስካር ነገሥታት የልጅ ልጅ ሆኖ ይገኛል። እኔን የሚያሳዝነኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። በዚያ ጠረፍ የቤትሲሚሳራካ ሕዝብ ከትውልድ በፊት በራትሲሚላሆ መሪነት የራሱን መንግሥት መሥርቶ ነበር፤ የራሱ አለቆች፣ የራሱ የመሐላ ሥርዓት ነበረው። በቤንዮቭስኪ መጽሐፍ ግን ይህ ሕዝብ ገዥ ፍለጋ የተቀመጠ፣ ከባሕር የሚመጣለትን ጌታ የሚጠባበቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህ ሥዕል ለሚቀጥለው ዘመን ቅኝ ገዥዎች ጠቅሟል፤ ለማዳጋስካር ሕዝብ ግን ምንም አልጠቀመም።

ባሕር ተሻጋሪ፦
እኅታችን ስለ አሮጊቷ ምስክርነት ያሉትን እቀበላለሁ፤ እኔም ለዚያ ታሪክ አልሟገትም። ስለ መርማሪዎቹ ግን የሌላውን ወገን ጥቅም ደግሞ መመዘን ያስፈልጋል። የኢል ደ ፍራንስ ሹማምንትና ነጋዴዎች በማዳጋስካር ንግድ ላይ የቆየ ጥቅም ነበራቸው፤ በቀጥታ ለፓሪስ የሚጽፍ አዲስ አዛዥ ሲመጣባቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠልተውታል፤ ስንቅና ሰው ሲለምናቸውም አዘግይተውበታል። መጨረሻውንም ተመልከቱት። በ1782 ለጆርጅ ዋሽንግተን ያቀረበው የውጭ ወታደሮች ሌጌዎን ዕቅድ የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት እያበቃ ስለነበር ሳይሠራ ቀረ፤ ከዚያ በባልቲሞር ነጋዴዎች ገንዘብ መርከብ ተከራይቶ በ1784 ወደ ማዳጋስካር ተነሣ፤ በዚህኛው ጊዜ የፈረንሳይ አገልጋይ አልነበረም። ፈረንሳይም ከኢል ደ ፍራንስ 60 ያህል ወታደር ልካ ገደለችው። የአንድ ቅኝ ግዛት መንግሥት በጥይት የሚያስወግደው ሰው ለዚያ መንግሥት እንቅፋት የሆነ ሰው ነው፤ ምናልባት የማዳጋስካር ከተማ በስሙ ጎዳና የሰየመችው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

እህተ ታሪክ፦
ለፈረንሳይ እንቅፋት መሆን ለማዳጋስካር ወዳጅ መሆን ማለት አይደለም። በ1785 ይዞት የተመለሰው ዕቅድም ያው የንግድ ጣቢያ ነበር፤ የተለወጠው ትርፉ የሚሄድበት ወደብ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ዘግይቼ በመግባቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለት ጉዳዮች የተደባለቁ ይመስለኛል። የተወለደበት ከተማ ልጁን ማስታወሱ አንድ ነገር ነው፤ ቨርቦቬ የመኳንንቱን ቤት ጠብቃ፣ ጎብኚ ሲመጣ የካምቻትካውን ታሪክ ብትተርክ የሚጎዳው የለም፤ ከመዝገቡ የተገኘው 1746 በግድግዳው ላይ ከተጻፈና የርስቱ ክስ ከተነገረ ደግሞ ጥሩ የታሪክ ትምህርት ይሆናል። የአንታናናሪቮ ጎዳና ግን ሌላ ነው። ጎዳና መሰየም ይህ ሰው ለዚህ ሕዝብ ውለታ ውሏል ብሎ መመስከር ነው፤ እዚህ ላይ የማስረዳቱ ግዴታ የወደቀው ክብሩ ይገባዋል በሚለው ወገን ላይ ነው። ባሕር ተሻጋሪ፣ በቤንዮቭስኪ ምክንያት ለአንቶንጂል ሰዎች የተረፈላቸውን አንድ በጎ ነገር ሊጠቅሱልን ይችላሉ?

ባሕር ተሻጋሪ፦
ከእርሱ ጋር ሆነው የደሴቲቱን ውስጥ የመረመሩ ሰዎች የተዉልንን መረጃ እጠቅሳለሁ። አስተርጓሚው ኒኮላ ማየር በዚያ የሰፈራ ዘመን ወደ ሰሜኑና ወደ መካከለኛው ደጋ ያደረጋቸውን ጉዞዎች ባይዘግብ ኖሮ፣ ስለ ማዳጋስካር የ18ኛው መቶ ዘመን ኑሮ የምናውቀው እጅግ ያነሰ ነበር።

እህተ ታሪክ፦
እንግዲያውስ ምስጋናው ለማየር ይሁን፤ የአገሩን ቋንቋ ያወቀው፣ በእግሩ የሄደው፣ ያየውንም የጻፈው እርሱ ነውና። ቤንዮቭስኪ የሰፈረው በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ዛሬ ማሮአንጼትራ በምትገኝበት አካባቢ ነው፤ ስሙ ግን የተጻፈው ከዚያ ርቆ በደጋው ባለችው ዋና ከተማ ነው። ወባው፣ የሩዙ ግብርና ውጊያው የደረሰባቸው የባሕረ ሰላጤው መንደሮች ናቸው። ስሙ ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚለውን ከስሎቫኪያና ከሃንጋሪ አድናቂዎቹ በፊት እነዚያ መንደሮች ይጠየቁ፤ በራትሲሚላሆ ስም የሚጠራ ጎዳና ይሻለናል ካሉም፣ የቨርቦቬ ሰዎች ቅር ሊላቸው አይገባም።