«የተገላቢጦሽ ክትባት» እና «እጩ ክትባት»፦ ምን እንበላቸው?

የማራኪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር ለተማሪዎች የሚሆን አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጉዳዩ በኮምፒውተር አዲስ ክትባት መፈለግ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ተያዝኩ። ከባክቴሪያው ጂኖም፣ ማለትም ከሙሉ የዘር መረጃው፣ ተነስቶ ወደ ክትባት የሚሄደውን ዘዴ ፈረንጆቹ «የተገላቢጦሽ» ይሉታል። እንዳለ ልውሰደው? ኮምፒውተሩ የመረጠውን ፕሮቲንስ «እጩ ክትባት» ብለው ያስኬዳል?

የአዘዞው፦
ተገላቢጦሽ ሲባል እኔ የሚመጣልኝ «ውሻ ወደ ግጦሽ፣ አህያ ወደ ሊጥ» ነው። ነገር ተበላሸ ማለት እኮ ነው። እናቴን «የተገላቢጦሽ ክትባት መጥቷል» ብላት ክንዷን አትሰጥም።

የፒያሳው፦
ላብራቶሪ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ነገሩን ልንገራችሁ፣ ቃሉን ከዚያ ትመርጣላችሁ።

በተለመደው መንገድ መነሻው ባክቴሪያውን ማሳደግ ነው። ትገድለዋለህ፣ ታዳክመዋለህ ወይም አንድ ክፍሉን ትለያለህ። ከዚያ ትሞክራለህ። ይህ መንገድ ቢ በተባለው የማጅራት ገትር ዓይነት ላይ አልሠራም። የሌሎቹን ዓይነቶች የስኳር ልባስ ወስዶ ክትባት መሥራት ተችሏል። የቢ ልባስ ግን የራሳችን የነርቭ ሴሎች ላይ ካለው ስኳር ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት «የእኔው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ባያልፈውም ራሱን እንዳይመታ ያሰጋል።

የክትባት ተመራማሪው ሪኖ ራፑዮሊና ባልደረቦቹ ልባሱን ትተው ወደ ጂኖሙ ሄዱ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ኮምፒውተሩ ከ2,000 በላይ ጂኖች ውስጥ 600 ያህሉን ለየ። እነዚህ ፕሮቲናቸው ባክቴሪያው ላይ ላዩን ይገኛል ወይም ወደ ውጭ ይወጣል ተብሎ የተገመቱት ናቸው። አንቲቦዲ፣ ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን፣ የሚይዘው ውጭ ያገኘውን ነው፤ ውስጥ ገብቶ አይፈልግም። ከዚያ 350 ፕሮቲኖች ኢ. ኮላይ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ተመረቱና አይጦች ተከተቡባቸው። በመጨረሻ ክትባቱ ውስጥ የገቡት ዋና ፕሮቲኖች 3 ናቸው፣ ከባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ከተወሰዱ ቅንጣቶች ጋር። ቤክሴሮ ይባላል። አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

የማራኪዋ፦
13 ዓመት! የምተረጉመው ጽሑፍ ደግሞ በየአንቀጹ «በፍጥነት» ይላል።

የፒያሳው፦
የፈጠነው ማጣራቱ ነው። አይጡና ሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ የራሱን ጊዜ ይወስዳል።

የአዘዞው፦
እኛ አገር በዘመቻ የተሰጠው ይሄው ነው?

የፒያሳው፦
አይደለም። ከሴኔጋል እስከ እኛ ድረስ ባለው ቀበቶ ሲያስቸግር የኖረው ኤ የሚባለው ዓይነት ነበር። ለእሱ የተሠራው ክትባት በስኳር ልባሱ መንገድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቡርኪና ፋሶ ላይ መሰጠት ሲጀምር የጂኖም ፍለጋው እጁ አልነበረበትም።

የበአታው፦
እንደምን ሰነበታችሁ ልጆች። ስለ «እጩ» ልናገር። በዐይኑ ዕ የሚጽፉት አሉ፣ ዛሬ በዚህ አልጣላም። ግሱ አጨ ነው። እጮኛም ማጫም ከዚያው ቤት ናቸው። እጩ የተባለ ነገር እንግዲህ ሰርጉ ገና ነው። ደግሞ በእኛ ወግ ታጨ ተብሎ አይታለፍም፤ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ያ የቢ ልባስ ያልሆነው በዝምድና አይደለም እንዴ?

የፒያሳው፦
የኔታ፣ ይህንን ፕሮግራሙም ያደርገዋል እኮ! የተመረጠውን ፕሮቲን ከሰው ፕሮቲኖች ጋር ያስተያያል። በጣም የሚመሳሰል ከሆነ ይጥለዋል። ዘር ቆጠራ ነው በሉት።

የበአታው፦
እንግዲያው «እጩ» ይጽና። ክትባት ራሱ የሚገርም ቃል ነው። በግዕዝ ከተበ ማለት ጻፈ ነው፣ ክታብም ከዚያው ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውና ክንድ ላይ የሚሰጠው በስም ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ግን ሌላ ቀን ይሁንልን። ተገላቢጦሹን ተይው ልጄ፣ «ከጂኖም የሚነሳ የክትባት ፍለጋ» በይው። ይረዝማል እንጂ አያስቅም።

የአዘዞው፦
እኔ «እጩ» ላይ አልተስማማሁም። ሰው ሲሰማው የሚያስበው ምርጫ ነው። «ማን ጠቆመው?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

የማራኪዋ፦
ይጠይቅ! «ኮምፒውተሩ» እለዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝስ «ተገኘ» ነው። «የካላዛር ክትባት በኮምፒውተር ተገኘ» የሚል ነገር ሰዎች ሲቀባበሉት አይቻለሁ።

የፒያሳው፦
እሱ ነው ጉዳት ያለው። ካላዛር የሚመጣው ሊሽማንያ ከሚባለው የተውሳክ ወገን ነው፤ ከዝርያዎቹ የአንዱ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፣ ከ8,000 በላይ ጂኖች አሉት። ከዚያ ወዲህ በስክሪን ላይ የተነደፈ የካላዛር ክትባት ብዙ ነው። አብዛኛው አይጥ ጋ እንኳን ሳይደርስ ወረቀት ላይ ቀርቷል። ለሰው የተፈቀደ አንድም የለም። ከመተማና ከሁመራ እርሻ ታመው እዚህ የሚመጡ ሰዎች አሉ። «ተገኘ» ካልሻቸው «የት ነው ያለው?» ነው የሚሉሽ። ኮምፒውተር ይጠቁማል፣ በቃ።

የማራኪዋ፦
እሺ፣ እንዲህ አደረግኩት፦ «ኮምፒውተሩ የባክቴሪያውን ጂኖም አይቶ እጩ ፕሮቲኖችን ይጠቁማል፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን የሚለየው ላብራቶሪና በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው።» የኔታ፣ ያስኬዳል?

የበአታው፦
ያስኬዳል። «ጂኖም»ን ግን አንድ ጊዜ አስረጂ።

የማራኪዋ፦
አስረዳለሁ። «ኤፒቶፕ»ስ?

የፒያሳው፦
ኤፒቶፕ ብለሽ ጻፊው። መጀመሪያ የመጣበት ቦታ ላይ «አንቲቦዲው የሚይዘው የፕሮቲኑ ክፍል» ብለሽ አስገቢ። አንቲቦዲ ብቻ ሳይሆን ቲ ሴል የተባለው የመከላከያ ሴል የሚያውቀውም አለ፣ እሱን እንዳትረሺ።