ክርክር፦ ድርጅቱ ከፍሎ ያሰለጠነው ሠራተኛ የግዴታ አገልግሎት መፈረም አለበት?

አወያይ፦ ጥያቄው ይህ ነው። ድርጅት የሠራተኛውን የኮርስ ክፍያ ሸፍኖ «ሁለት ዓመት ሳታገለግል ብትለቅ ወጪውን ትመልሳለህ» ብሎ ያስፈርማል። ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ስድብ የለም። «ሁለቱም ልክ ናቸው» ብሎ መሸሽም የለም።

ቅጥር ክፍል፦ ተገቢ ነው። የምሠራው የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ነው፤ ስለዚህ የማላየውን አላወራም። አንድ ቴክኒሻናችን የማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራሚንግ እንዲማር ከፈልንለት። በተማረበት ጊዜ ሁሉ ደመወዙ አልተቋረጠም፣ ፈረቃውን ጓደኞቹ ሸፈኑለት። ሰርተፍኬቱን ይዞ ብዙም ሳይቆይ መልቀቂያ አስገባ። የወሰደው ተፎካካሪያችን ነው፤ ለሥልጠናው አንድ ሳንቲም ያላወጣ። ከዚያ በኋላ ሥራ አመራሩ የሥልጠና በጀቱን ቆረጠው። የተቀጡት እንግዲህ ሳይለቁ የቀሩት ናቸው።

የማታ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ዘለልክ። ልጁ ከሰለጠነ በኋላ ደመወዙ ስንት ሆነ?

ቅጥር ክፍል፦ ጭማሪው በዕቅድ ተይዞ ነበር። በአዲሱ የበጀት ዓመት።

የማታ ተማሪ፦ እሱ ነው ነገሩ። አዲሱን ሥራ ከነገ ጀምሮ ይሠራል፣ አዲሱን ደመወዝ በጀት ሲፈቀድ ያገኛል። ተፎካካሪው ያደረገው ሙያው የሚያወጣውን መክፈል ብቻ ነው። ውሉ ቢኖር ልጁ ሁለት ዓመት በድሮ ደመወዙ ታስሮ ይቀመጥ ነበር። ይህን «ኢንቨስትመንት» አትበሉት።

ኢኮኖሚስት ነኝ ባይ፦ ጋሪ ቤከር፣ በ1992 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት፣ ሥልጠናን ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ የትም ቦታ የሚያሠራ ክህሎት ነው፤ ሌላው ከዚያ ድርጅት ውጭ ዋጋ የሌለው። በእሱ አስተሳሰብ ለመጀመሪያው ቀጣሪ አይከፍልም፤ ሠራተኛው ነው ወጪውን የሚሸከመው፣ ብዙ ጊዜም በሥልጠናው ወቅት ዝቅ ያለ ደመወዝ በመቀበል። ችግሩ ባንክ «ብየዳ ልማር ነው» ለሚል ሰው ያለ መያዣ አያበድርም። ስለዚህ የግዴታ ውሉ በተግባር ብድር ነው፣ መያዣው ራሱ ሠራተኛው ነው። ብድር ከሆነ ደግሞ ለሚሸጥ ክህሎት ብቻ ይሁን። የድርጅቱን የውስጥ ሶፍትዌር ያሳየህ ሰው «ወጪ» ብሎ ሊያስፈርምህ ምን መብት አለው?

የሌሊት ፈረቃ፦ ነርስ ነኝ። ለእኛ «ሥልጠና» የሚሉን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የሌሊት ፈረቃ አስረክበሽ ትወጫለሽ፤ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል የግዴታ ኦንላይን ኮርስ ዛሬ እኩለ ሌሊት ይዘጋል። በራስሽ ስልክ፣ በራስሽ ዳታ ትከፍቺዋለሽ። ቪዲዮው ካላለቀ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ አይሠራም። እንቅልፍ ይዞሽ ሲሄድ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ቪዲዮው ከሀ ይጀምራል። እንዲህ ያለፍኩት ኮርስ ነው በውሌ ላይ «ድርጅቱ ያወጣው ወጪ» ተብሎ የተደመረው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቀጣሪው በሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት እንዲሰጥ የሚገደድበት ሥልጠና ለሠራተኛው በነፃ ይሆናል፣ እንደ ሥራ ሰዓትም ይቆጠራል። በቃ፣ ይህን ያህል ብቻ ነው የምፈልገው።

ቅጥር ክፍል፦ ይሄ አያከራክርም፣ የግዴታ ሥልጠና ውል ውስጥ መግባት የለበትም። እኔ የምለው ዲፕሎማ ስለሚያሰጠው ነው።

ብየዳ፦ እኔ ፈርሜያለሁ፣ ዛሬም ቢመጣ እፈርማለሁ። ከፍተኛ ግፊት የሚይዙ ታንኮችን የመበየድ ፈተና በራሴ ኪስ አልችለውም ነበር። ነገር ግን የውሉን ጽሑፍ አንብቡ! የእኔ ሁለት ዓመት ይላል፤ አንድ ቀን ቢጎድል ሙሉውን ትከፍላለህ። አሥራ ስምንት ወር ያገለገለ ሰው ሩቡን ብቻ መመለስ ነበረበት፤ ሂሳቡ ለማንም ግልጽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ድርጅቱ ራሱ ቢያሰናብተኝስ? ውሉ ዝም ይላል። ሦስተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ዕዳውን እስክትጨርስ ደብዳቤውን ይዘው ያቆዩታል፤ ያለ ደብዳቤ ደግሞ አትቀጠርም፣ ሳትቀጠር ከምን ትከፍላለህ? ዋስ የሆነው ዘመድህ ከዚያ ወዲያ ስልክህን አያነሳም።

ሁሉም ይማር፦ ለምን ቀጣሪና ሠራተኛን እናጣላለን? መንግሥት ይክፈል። ሲንጋፖር በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጀችው ፕሮግራም ዕድሜው 25 ለሞላ ዜጋ ሁሉ 500 የሲንጋፖር ዶላር የመማሪያ ሂሳብ ሰጥታለች። ፈረንሳይ በሠራተኛው ስም በየዓመቱ 500 ዩሮ፣ እስከ 5,000 ዩሮ ታጠራቅማለች። ሥራ ቢቀየርም ሂሳቡ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ውል የለ፣ ዋስ የለ።

ኢኮኖሚስት ነኝ ባይ፦ ሌባውንም ቁጠረው እንጂ። እንግሊዝ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የመማሪያ ሂሳብ ከፈተች፤ ሐሰተኛ አሰልጣኞች ስለወረሩት በዓመቱ ተዘጋ። በፈረንሳይም ሰዉ በስልክ «ሂሳብህን ልጠቀምልህ» እየተባለ ስለተሰላቸ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማግባባቱ በሕግ ተከለከለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተማሪው 100 ዩሮ ከራሱ እንዲጨምር ተደረገ። ነፃ ገንዘብ ያለበት ቦታ ሰርተፍኬት አታሚ ይፈላል።

የሌሊት ፈረቃ፦ ብሩ ቢገኝ እንኳ ጊዜው የት አለ? እዚህ ያወራችሁት ሁሉ ስለ ክፍያ ነው። ልጅ ያላት፣ ፈረቃ የምትገባ ሰው 5,000 ዩሮ ቢሰጣት በየትኛው ሰዓት ትማርበታለች? በአብዛኞቹ የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ሠራተኛ በዓመት አምስት ቀን የትምህርት ፈቃድ ከነደመወዙ የመውሰድ መብት አለው። ስዊድን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ዘመናቸው መሀል ሙያ ለሚቀይሩ ሰዎች፣ የገንዘብ ጣሪያ ቢኖረውም፣ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ደመወዛቸውን እየሸፈነች ታስተምራለች። የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ተከፋይ የትምህርት ፈቃድ ስምምነት ያወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያጸደቁት አገሮች እስከ ዛሬ 40 አይሞሉም።

ቅጥር ክፍል፦ አምስት ቀን ለአሥር ሰው ሃምሳ ቀን ነው፣ እህቴ። ፈረቃው ላይ ማን ይቆማል? ይህን ለትልቅ ድርጅት ንገሪው። የጋሼ ብየዳን ግን እቀበላለሁ፦ ዕዳው በየወሩ ይቀንስ፣ ድርጅቱ ካሰናበተ ይሰረዝ፣ የልምድ ደብዳቤ አይያዝ። ነገ እንዲህ ያለ ውል ልጻፍ።

የማታ ተማሪ፦ ጥሩ። እዚያው ላይ «ሥልጠናውን በጨረሰ በወሩ ደመወዙ በዚህ ያህል ይጨምራል» የሚል አንቀጽ ጨምር።

ቅጥር ክፍል፦ ያንን አልጽፍም። የሁለት ዓመት ገበያ ማን ያውቃል? ቃል ገብቼ ሥራ ቢቀዘቅዝስ?

የማታ ተማሪ፦ እኔም ሁለት ዓመት ቃል ገብቼ ሥራ ቢሞቅስ? ያንተ ሥጋት ከውል ውጭ ሆኖ የእኔ ብቻ ለምን ይፈረምበታል?