ጌም ኦፍ ላይፍ፦ ብሎክ እና ቢሃይቭ ይቆማሉ፣ ብሊንከር ግን ይበላሻል፤ ኮዴ ምን ሆኖ ነው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሂሳብ ሊቁን የኮንዌይን ጌም ኦፍ ላይፍ በፓይተን እየሰራሁ ነው፣ ሶስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ እና እባካችሁ እርዱኝ። ለማታውቁት ህጉ አጭር ነው፣ ባለ ካሬ ደብተር የመሰለ ግሪድ አለ፣ እያንዳንዱ ሴል ዙሪያውን 8 ጎረቤት አለው፣ የሞተ ሴል ልክ 3 ህያው ጎረቤት ካለው ይወለዳል፣ ህያው ሴል ደግሞ 2 ወይም 3 ካለው ይቆያል፣ ካልሆነ ይሞታል። በቃ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ትናንሾቹን የማይለወጡ ቅርጾች ነው፣ ስቲል ላይፍ የሚባሉትን። ብሎክ (2 በ 2 የሆነው ባለ 4 ሴሉ) ቆመ፣ ባለ 6 ሴሉ ቢሃይቭ ቆመ፣ ሎፍም ቦትም ቆሙ፣ 200 ጀነሬሽን (ዙር) አስኬጄ አንድም ሴል አልተነቃነቀ። ከዛ ብሊንከር አስገባሁ፣ ማለትም በአንድ መስመር የተደረደሩ 3 ሴሎች፣ አንዴ አግድም አንዴ ቁመት እየሆነ መገላበጥ ሲገባው በ2ኛው ጀነሬሽን ብሎክ ሆኖ ቁጭ አለ! ግላይደርም (በሰሌዳው ላይ እየተንሸራተተ መሄድ ያለበት ባለ 5 ሴል ቅርጽ) አይሄድም። ህጉን ደጋግሜ አየሁት ልክ ነው፣ ልክ ባይሆንማ እነዛ ሁሉ እንዴት ይቆማሉ? ኮዱ ሁለት ሉፕ (ድግግሞሽ) ነው፣ ከላይ ወደ ታች ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ጎረቤት ይቆጥርና ሴሉን እዛው ይቀይረዋል።

ባክኤንድ፦
እህቴ "እዛው ይቀይረዋል" ያልሽው ነው ችግሩ። ሁሉም ሴል በአንድ ጊዜ ነው መቀየር ያለበት። አንቺ ግን የመጀመሪያውን ቀይረሽ ቀጣዩ ሴል አዲሱን ጎረቤት እንዲቆጥር እያደረግሽ ነው፣ ግማሹ ከድሮው ጀነሬሽን ግማሹ ከአዲሱ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ግሪድ ያዢ፣ ከአንዱ አንብቢ በሌላው ላይ ጻፊ፣ ሲያልቅ ቀያይሪያቸው።

መምህሩ፦
ልክ ነው፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ጥሩ ጥያቄ አለ፣ ኮዱ ስህተት ከሆነ እነዛ ለምን ቆሙ? ስቲል ላይፍ ማለት አንድም ሴል መለወጥ የሌለበት ቅርጽ ነው። የመጀመሪያውን ሴል ስትመረምሪ አይለወጥም፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሴል የሚያየው ያንኑ ድሮ የነበረውን ነው፣ እሱም አይለወጥም፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በየትኛውም ቅደም ተከተል ብትሄጂ ይቆማል። ስለዚህ ይሄንን ስህተት በብሎክና በቢሃይቭ በፍጹም ልታገኚው አትችዪም።

ከንቱ ፈተና ነው እያልኩ ግን አይደለም። ብሎክ ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ልክ 3 ጎረቤት አለው፣ ቢሃይቭ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ልክ 2 አለው፣ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ የመቆያ ህጉን ሁለቱንም ቁጥር ይፈትኑልሻል። ሴሉን ራሱን እንደ ጎረቤት ቆጥረሽ ቢሆን ብሎኩ 4 ይሆንበትና ወዲያው ይሞት ነበር። አቆጣጠርሽ ልክ መሆኑን ነግረውሻል፣ ጊዜውን ግን አልፈተኑልሽም።

አሁን ብሊንከሩን በወረቀት እንየው። አግድም 3 ሴል አለ። ኮድሽ መጀመሪያ ከመሀለኛው በላይ ያለውን ያያል፣ 3 ጎረቤት አለው፣ ይወለዳል፣ ይሄ ልክ ነው። ከሱ በስተቀኝ ያለው 2 ብቻ ነበር የነበረው፣ ግን አሁን የተወለደውን ጨምሮ 3 ይቆጥርና ይወለዳል፣ እዚህ ጋ ተበላሸ። ከዛ መሀለኛው መቆየት ሲገባው 4 ቆጥሮ ይሞታል፣ ሁለቱ ጫፎች መሞት ሲገባቸው 2 አግኝተው ይቆያሉ፣ ከታች ደግሞ ማንም አይወለድም። 4 ሴል ተረፈ። ያንኑ አንዴ ድገሚው፣ ልክ እንዳልሽው ብሎክ ይወጣል።

ኮንዌይና ጓደኞቹ ካምብሪጅ ሆነው ይሄን ሲያጠኑ በእጃቸው ነበር፣ የጎ ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ጠጠር እየደረደሩ። አንቺም ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሽምብራ ደርድሪ፣ የሚወለድበት ቦታ ምስር አድርጊ፣ የሚሞተው ሽምብራ ላይ ባቄላ ደርቢበት፣ ምንም ሳታነሺ መላውን ሰሌዳ ጨርሺ፣ ከዛ በኋላ ብቻ የሚነሳውን አንሺ። ሁለት ግሪድ የተባልሽው ይሄው ነው።

ጀማሪዋ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ግን በስላይስ (ሊስትን በ[:] መቅዳት) ኮፒ አድርጌ አዲሱ ላይ ጻፍኩ፣ አሁንም ያው ብሎክ ይሆናል!!

ዳታ ልጅ፦
ግሪድሽ ረድፎችን በውስጡ የያዘ ሊስት (ዝርዝር) ነው፣ ስላይሱ ውጪኛውን ሊስት ብቻ ነው ኮፒ የሚያደርገው፣ ውስጡ ያሉት ረድፎች ያው ድሮዎቹ ናቸው፣ ስለዚህ አዲሱ ላይ ስትጽፊ ድሮውም ይቀየራል። ዲፕኮፒ (ውስጡን ጭምር የሚቀዳውን) ተጠቀሚ፣ ወይም ኮፒውን ተዪውና ለየጀነሬሽኑ በዜሮ የተሞላ አዲስ ግሪድ ስሪ። ስትሰሪው ግን አንድ ረድፍ ሰርተሽ በቁጥር እንዳታባዢው፣ እንደዛ ካረግሽ ሁሉም ረድፍ አንድ ነው የሚሆነው፣ በሉፕ እያንዳንዱን ለብቻው ፍጠሪ። እኔን ይሄ አንድ ሳምንት በልቶብኛል።

ጀማሪዋ፦
ሰራ!!! ብሊንከሩ ይገላበጣል ግላይደሩም ይሄዳል፣ ተባረኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ግላይደሩ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ብሎክ ይሆናል፣ ይሄም ስህተት ነው? ሌላው ደግሞ ሁሉ ነገር ሲረጋጋ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲቆም ፈልጌ ካለፈው ጀነሬሽን ጋር አወዳድራለሁ፣ ግን አንድ ብሊንከር ካለ መቼም አይቆምም።

ባክኤንድ፦
የግድግዳው ስህተት አይደለም። ከግሪዱ ውጪ ያለውን ሁሉ የሞተ ብለሽ ስለቆጠርሽ ግላይደሩ መወለድ ያለበት ሴል ቦታ ያጣና 3 ሴል ይቀራል፣ እነሱ ደግሞ በቀጣዩ ብሎክ ይሆናሉ። ካልፈለግሽው ግራን ከቀኝ፣ ላይን ከታች አገናኚው።

ለማቆሙ ደግሞ ያለፈውን አንድ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አስታውሺ። ግሪዱን ወደ ተፕል (የማይቀየር ሊስት) ቀይረሽ ዲክሽነሪ (በቁልፍ የሚፈለግ መዝገብ) ውስጥ ከጀነሬሽን ቁጥሩ ጋር አስቀምጪ፣ ያንኑ ግሪድ ደግመሽ ካገኘሽ አቁሚ። የሁለቱ ቁጥር ልዩነት 1 ከሆነ የቀረው ሁሉ ስቲል ላይፍ ነው፣ 2 ከሆነ እንደ ብሊንከር የሚገላበጥ አለ፣ ፐልሳር (በየ3 ጀነሬሽኑ ወደ መነሻው የሚመለስ ቅርጽ) ካለ 3፣ ብሊንከርና ፐልሳር አብረው ካሉ 6። ጠርዞቹን ካገናኘሽ ደግሞ ግላይደር ብቻውን እየዞረ ስለሚመለስ 50 በ 50 ግሪድ ላይ 200 ይመጣልሻል፣ እንዳትደነግጪ።

መምህሩ፦
ለመጨረሻ ፈተና አር ፔንቶሚኖን አስኬጂ፣ 5 ሴል ብቻ ነው፣ መሀል ላይ ቁመት 3፣ ከላይኛው በስተቀኝ አንድ፣ ከመሀለኛው በስተግራ አንድ። 600 በ 600 ግሪድ መሀል ላይ አድርጊው፣ በ1103ኛው ጀነሬሽን ይረጋጋል። 8 ብሎክ፣ 4 ቢሃይቭ፣ 4 ብሊንከር፣ አንድ ቦት፣ አንድ ሺፕ (ይሄም ስቲል ላይፍ ነው)፣ አንድ ሎፍ እና ወደ ውጪ የሚሸሹ 6 ግላይደሮች፣ በድምሩ 116 ህያው ሴል። አንድ ሴል ከጎደለ ወይ ከበለጠ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ከ1103 ብዙ አታሳልፊው፣ ግላይደሮቹ ግድግዳ ደርሰው ብሎክ መሆን ከጀመሩ ቁጥሩ ይለወጣል።

ጀማሪዋ፦
መምህር፣ አሁን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፣ አስኬድኩት፣ 116 አለኝ። አላምን ብዬ እያንዳንዱን በአይኔ ፈለግኩ፣ ሎፉንም ሺፑንም አገኘኋቸው፣ ቦቷን ለማግኘት ብቻ ትንሽ ቆየሁ።