ክርክር፦ መጽሐፉ ሳይሟላ የዕለት ዕቅዱ ለማን ነው?

የአራዳዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ማታ ነው። ልጆቼ ተኝተዋል። እኔ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ፣ ማስመሪያ ይዤ ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። የሳምንቱ የዕለት ዕቅድ ነገ ከሰልፍ በፊት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ ካልደረሰ ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ባለፈው ወር ተለጥፎ ነበር። ተማሪዎቼም አነበቡት። አንዱ "ቲቸር፣ እርስዎም የቤት ሥራ አልሠሩም እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ መሀል ከተማ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ። 9ኛ 3 ክፍል፣ 10ኛ 2 ክፍል፣ በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ። ከ55 ተማሪ በታች ያለበት ክፍል የለኝም። መጽሐፍ ለሦስት አንድ ነው። ያለውም ቢሆን ችግር አለበት። "ሥዕሉን ተመልከቱ" ይላል፤ ሥዕሉ የለም። መልመጃው ገና ያልተማሩትን ቀመር ይጠይቃል። "ቤተ ሙከራ ገብታችሁ ለኩ" ይላል፤ የኛ ቤተ ሙከራ የተሰበረ ወንበር መጋዘን ከሆነ ቆይቷል። እንግሊዝኛው ደግሞ ከፊዚክሱ ይከብዳል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ አንዷን አንቀጽ ፈተው ሳይጨርሱ ደወል ይደወላል።

ስለዚህ ሁሉ የሚጠይቀኝ የለም። የምጠየቀው ዕቅድ ነው። መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ገለጻ 20፣ የቡድን ሥራ 10፣ ማጠቃለያ 5። በአንድ በኩል "የመምህሩ ተግባር"፣ በሌላ በኩል "የተማሪው ተግባር"። መምህሩ ያብራራል፤ ተማሪው በጥሞና ያዳምጣል። ይህችን እጄ ራሱ ሸምድዷታል። ባለፈው ሳምንት ዓላማው ላይ "ተማሪዎች ፍሪክሽንን (ሰበቃን) አንደርስታንድ ያደርጋሉ" ብዬ ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ ተመለሰልኝ። አንደርስታንድ አይለካም፤ "ሊስት" ወይም "ዲፋይን" በይ ተባልኩ። እሺ፣ ይዘርዝሩ። ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚዘረዝሩ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ጥያቄዬ ይኸው፦ መምህር ሁሉ ለየቀኑ ዕቅድ ጽፎ ያስፈርም የሚለው ግዴታ ይቅር ወይስ ይቀጥል? እኔ ይቅር ባይ ነኝ።

ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፦
እህቴ፣ በርቺ። ድካምሽ ይገባኛል። ግን ሂሳቡን እናጥራው። 20 ክፍለ ጊዜ አለሽ እንጂ 20 ዕቅድ የለሽም። ለ9ኛ 4፣ ለ10ኛ 4፤ በቃ 8 ነው። አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 4 ሰዓት። ለአንድ ሳምንት ይህ በዛ?

ዕቅድ የሌለው መምህር ክፍል ምን እንደሚመስል ደግሞ ልንገርሽ። ጠመኔ ይዞ ይገባል፤ ከዚያ ዞር ብሎ "ባለፈው የት ነበርን?" ብሎ ተማሪ ይጠይቃል። ስንቴ እንዳየሁት! ግንቦት ደርሶ ምዕራፍ 3 ላይ የቆመ አጋጥሞኛል። መጽሐፉ ደካማ ነው ካልሽ እኮ ዕቅድ ይበልጥ ያስፈልግሻል። ጥሩ መጽሐፍ በራሱ ይመራል። መጥፎ መጽሐፍ ላይ መንገዱን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ፤ የምትጠርጊውም ቁጭ ብለሽ ስትጽፊ ነው።

ጠመኔ በኪሴ፦
ከላይ ያለው አስተያየት ካድሬ ካድሬ ይሸታል።

አወያይ፦
ስድብ የለም። ሐሳብ ካለህ ጻፍ፤ ከሌለህ አንብብ።

የአራዳዋ መምህርት፦
ይተዉት፣ ይጻፍ። ሱፐርቫይዘር፣ የእርስዎ ነጥብ ግን ትልቅ ነው፤ ልመልስልዎ።

8ቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጮህም ነበር። ዓመታዊ ዕቅድ አለ። ሳምንታዊ አለ። ለደካማ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ዕቅድ አለ፤ ለጎበዞቹም ሌላ። የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ፋይል አለ። የክበብ ዕቅድ አለ፣ ቃለ ጉባኤውም እንደዚያው። የተከታታይ ምዘና መዝገብ ደግሞ ለ275 ልጅ። እርስዎ ግማሽ ሰዓት ያሉት እውነተኛ ዝግጅት ከሆነ አይበቃም፤ ቅጽ መሙላት ከሆነ ደግሞ ይበዛል።

መንገድ መጥረግ ላሉት አንድ ነገር ልንገርዎ። ፍሪክሽንን መጽሐፉ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ሰው ነው የሚጀምረው። ልጆቼ በረዶ የሚያውቁት ከሰማይ ሲወርድ ነው። እኔ መጽሐፉን ዘጋሁና "ከማዘጋጃ ቤት ወደ ፖስታ ቤት ቸርችልን ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ ነው እንበል" አልኳቸው። ሞልቷል፤ ትርፍም ጭኗል። አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን ፍሬን ይዞ የት ይቆማል? ዝናብ ሲጥልስ? ጎማው የተላጨ ከሆነስ? ክፍሉ ተነሣ ነው የምልዎ! አንዱ አባቱ ሾፌር ነው፤ "ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነው የሚያዘው እንጂ ፍሬን ብቻ አይታመንም" ብሎ አስረዳን። ሌላዋ "ሰው ሲሞላ ይከብዳል፤ ታዲያ ፍሪክሽኑም አይጨምርም እንዴ?" አለች። ይህ ጥያቄ ወርቅ ነው። በእርግጥ ይጨምራል፤ ግን የሚቆመውም ክብደት አብሮ ጨምሯል። 20 ደቂቃ ተከራከርንበት። ይህን ያሰብኩት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው እንጂ ሠንጠረዥ ሳሰምር አይደለም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ እኔ ጠመኔ ከጣልኩ ቆየሁ። ግን ይህን ክርክር ሳነብ ፕላዝማ ትዝ አለኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው የመጣው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። የኔ ድርሻ መግቢያና መዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ተማሪው አልገባኝም ቢል ሰውዬው አይሰማ! "ናው ዱ ዚስ" ይልና ልጆቹ እስክሪብቶ ሳያነሡ "ቬሪ ጉድ" ብሎ ያልፋል።

ታዲያ ያኔም ዕቅድ ጻፍ ይሉኝ ነበር። ሰውዬው ላስተማረው እኔ ዕቅድ እጽፋለሁ! መብራት የጠፋ ቀን ብቻ ነበር በደንብ የማስተምረው።

ቢሆንም ለሱፐርቫይዘሩ ልጄ አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። መምህር በሆንኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕቅድ ባልጽፍ ኖሮ ተማሪ ይበላኝ ነበር። አንድ አንጋፋ መምህር አብረውኝ ቁጭ ብለው ደብተሬን ያዩልኝ ነበር። "እዚህ ጋ ልጁ ይህን ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?" ይሉኛል። አይፈርሙም፤ ይጠይቃሉ። ለጀማሪ ይጻፍ፤ 15 ዓመት ያስተማረን ሰው ግን እንደ እጩ መምህር ማየት ነውር ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። እኔ ወላጅ ነኝ። አንዱ ልጄ የግል፣ አንዷ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። የግሉ መጽሐፉን ገሸሽ አድርጎ በራሱ ሃንድ አውት ነው የሚያስተምረው፤ ክፍያውን ከወርሃዊው ጋር ይጨምርብናል። የመንግሥቷ ልጄ ደግሞ መጽሐፏን ከጓደኛዋ ጋር በተራ ነው ቤት የምትወስደው። የፈተና ሳምንት ተራዋ ካልሆነ አራት ኪሎ ወርጄ ፎቶ ኮፒ አስነሣለሁ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ዕቅድ ከተጻፈ ለምን ለኛ አይደርሰንም? "በዚህ ሳምንት ይህን እንማራለን፣ ቤት እንዲህ አግዟቸው" የምትል አንድ ገጽ በቴሌግራም ቢልኩልኝ ይበቃኝ ነበር። ለፊርማ የሚጻፈው ለኔ ቢጻፍ አነበው ነበር።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦
ቲቸሮች ይቅርታ፣ ልግባ? እኛ ክፍል መጽሐፉን "ፒዲኤፉ ግሩፕ ላይ አለ፣ ስልካችሁ ላይ ጫኑት" ተባልን። ጫንን። በር ላይ ግን ስልክ ክልክል ነው፤ ጥበቃው ይቀማናል። ባለፈው ቲቸር "ለምን መጽሐፍ አልያዛችሁም?" ብሎ አስወጣን። መጽሐፉ ጥበቃው ጋ ነው ያለው አልነው።

ጠመኔ በኪሴ፦
😂 መጽሐፉ ታስሯል በሉት!

ቁጥር ወዳጅ፦
ሳቁን ትተን ወደ ውጤት እንምጣ። 12ኛ ክፍል 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ናቸው። ይህ ሁሉ ልጅ የወደቀው ዕቅድ የተፈረመበት ክፍል ተቀምጦ ነው። ዕቅዱ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይታይ ነበር።

ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፦
ቁጥር ወዳጅ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ያወጣህበት ነገር ግን አይሄድም። ለ2014 ተፈታኞች ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ ኩረጃውም ቀነሰ። ቁጥሩ ያሳየን ተደብቆ የኖረውን ነው። ያ ልጅ ደግሞ 12 ዓመት ነው የተማረው፤ የአንድ ወረቀት ጥፋት አይደለም። ከ3.2 ወደ 8.4 የወጣው ዕቅድ ስለተጻፈ ነው ብል አንተስ ትቀበለኛለህ?

መምህርት፣ ላንቺ ደግሞ የውስጡን ልንገርሽ። ትምህርት ቤት ከደረጃ 1 እስከ 4 ይመዘናል። መዛኙ መጥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ስለ መቶ መምህር መፍረድ አለበት። ሁሉም ክፍል ገብቶ አይጨርስም። ስለዚህ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃ ማለት ደግሞ ወረቀት ነው። ርዕሰ መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ ፋይል ያደልባል። ምክትሉ ርዕሰ መምህሩን ይፈራል፤ አንቺ ምክትሉን። እኔም ፋይል አገላብጬ "ተሟልቷል" ብዬ የወጣሁባቸው ክፍሎች አሉ። የቸርችሏን ሚኒባስ ዓይነት ትምህርት አላየሁም፤ ጊዜ አልነበረኝማ።

ለዚህ ነው ይቅር የማልለው። ዕቅዱ ሲቀር የሚተካው ምንድን ነው? መምህሩ መዘጋጀቱን በምን እናውቃለን?

መጽሐፍ ገምጋሚ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ስለ መጽሐፉ ግን ልናገር። አንድ ጊዜ የረቂቅ ግምገማ ላይ ተሳትፌያለሁ። ጸሐፊው ከመርሐ ትምህርቱ አይወጣም፤ ገጹም የተቆጠረ ነው። ይዘቱ ብዙ፣ ገጹ ጥቂት ሲሆን መጀመሪያ የሚቆረጠው ማብራሪያና ምሳሌ ነው። ለተማሪው የሚተርፈው ትርጓሜና መልመጃ ይሆናል። ሥዕሎች ሲደራጁ ቁጥራቸው ይዛወራል። ስሕተት ሁሉም መጽሐፍ አለው። የኛ ሕመም ስሕተቱን ያገኘው መምህር ለማን እንደሚናገር አለማወቁ ነው። መምህርት፣ ያ የጠፋ ሥዕል የት ገጽ ላይ እንደሆነ ጽፈሽ ለማንም ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?

የአራዳዋ መምህርት፦
ለትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ነግሬዋለሁ። "እኛም ጋ የለም" አለኝ። እዚያው ቀረ።

ጡረተኛው፦
ታዲያ የዕቅዱ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ "መጽሐፉ ላይ ያገኘሁት ጉድለት" የሚል። ያኔ እኔም እፈርማለሁ!

የአራዳዋ መምህርት፦
ጋሼ፣ ሌላ ዓምድ? በእናትዎ!

ለሱፐርቫይዘሩ ጥያቄ ግን ዝም አልልም። መዘጋጀቴን በምን ያውቃሉ? ገብተው ይዩኝ። በወር አንድ ቀን፣ ሳይነግሩኝ። ከዚያ እንደ ጋሼ አንጋፋ ቁጭ ብለን እንነጋገር። አጭር ማስታወሻ ደብተርም ይኑረኝ፤ ያለ ሠንጠረዥ፣ ያለ ማኅተም። ጀማሪው ሙሉውን ይጻፍ፤ በዚህ አልከራከርም፤ ተረትቻለሁ። ለወላጅ የምትላክ አንድ ገጽም ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ፤ የሚያነባት ሰው ስላለ።

ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፦
በወር አንዴ ለመግባት የሚበቃ ሰው የለም እኮ።

የአራዳዋ መምህርት፦
በየሳምንቱ ለመፈረም የሚበቃ ሰውስ ከየት መጣ?

የሁለት ልጆች እናት፦
እልልል!

ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፦
እሺ፣ ይህቺን ዋጥኩ። ለአንጋፋው ይቅለል በሚለው እስማማለሁ፤ ጨርሶ ይቅር በሚለው አሁንም አልስማማም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የሚኒባሱ ቀን፣ ዕቅድሽ ላይ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?

የአራዳዋ መምህርት፦
"መምህሩ ያብራራል፤ ተማሪው በጥሞና ያዳምጣል።" ተፈርሞበታል፤ ማኅተምም አለው።

በሉ 5 ሰዓት ሆነ። 3 ዕቅድ ይቀረኛል። ነገ ማታ እመለሳለሁ።